የጣና ጀልባ በምን ይታሰር? በሰንሰለት ወይስ በገመድ?

የደብረ ማርቆስ ገበያተኛ ስለ ጀልባ መልህቅ ምን ያገባዋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ከተማይቱ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ የጤፍና የፈረስ አገር ናት፤ ጀልባ የሚንሳፈፍበት ውኃ በአጠገቧ የላትም። ይሁን እንጂ የጎጃም ምድር ከደጋው ወደ ሰሜን ሲወርድ መድረሻው ጣና ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው የቆየው ዋና መንገድም 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የሚያቋርጠው ይህችኑ ከተማ ነው። ከመርካቶ የሚጫነው ጥቅል ገመድም፣ በኪሎ የሚመዘነው ሰንሰለትም በዚሁ መንገድ ያልፋል። በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በእንጅባራ ጥሪቱን በጣና ላይ በምታንሳፍፍ ጀልባ ላይ ለማዋል የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ ከሞተሩ ቀጥሎ ሊያስጨንቀው የሚገባው ጀልባዋ በምን ትታሰራለች የሚለው ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ ወቅታዊ የሚሆንበት ምክንያትም አለ። በ2017 ዓ.ም. ከጂቡቲ ወደብ ተነስታ በየብስ ተጭና ወደ ባሕር ዳር የተጓዘችው ጣናነሽ 2 የተባለችው ትልቅ ጀልባ፣ ስለ ውኃ መጓጓዣ ብዙም የማይነገርበትን አገር ሰው ሁሉ ስለ ጀልባ አነጋግራለች። ነገር ግን የጣና የሽርሽር ሥራ የቆመው በትልልቆቹ ብቻ አይደለም። ጎብኚን ወደ ዘጌ ገዳማትና ወደ ደሴቶቹ የሚያመላልሱት ትንንሾቹ የሞተር ጀልባዎች ናቸው። ከእነዚህ የአንዷ መጥፋት ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ወይም የአንድ ማኅበር ሙሉ ሀብት መጥፋት ነው።

ከዚህም በላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሳው ግጭት የጎብኚውን ቁጥር ክፉኛ አሳንሶታል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ጀልባ ከምትሄድበት ቀን ይልቅ የምትቆምበት ቀን ይበዛል። የቆመች ጀልባ ገቢ አታመጣም፤ ነፋሱና ማዕበሉ ግን እረፍት አይሰጧትም። እንግዲህ የማሰሪያው ነገር ከመቼውም የበለጠ የሚያሳስበው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

የሁለቱ ወገኖች ክርክር

በዚህ ጉዳይ ጀልባ የሚያውቁ ሰዎች በየትም አገር በሁለት ወገን ይከፈላሉ።

የሰንሰለት ወገኖች ብረት አይበጠስም፣ ድንጋይ አይቆርጠውም፣ ክብደቱም መልህቁን አፈር ያስነክሰዋል ይላሉ። የገመድ ወገኖች በበኩላቸው ገመድ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ እጅ አይጎዳም፣ አንድ ሰው ብቻውን ይስበዋል ሲሉ ይከራከራሉ። ሁለቱም ከሞላ ጎደል እውነት ይናገራሉ። ስህተቱ የሚመጣው አንዱን መርጦ ሌላውን ጨርሶ ሲተዉ ነው። ከዚህም የባሰ ስህተት አለ፤ እሱም ምንነቱን ሳይጠይቁ፣ ርዝመቱን ሳያሰሉ፣ ከመደርደሪያ ላይ ቅርብ የሆነውን አንስቶ መሄድ ነው።

ገመድ እንዲያው በስሙ ደካማ ነው ለሚል ሰው ከጎጃም ምድር አንድ ምስክር ይጠራል። በሞጣ በኩል በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ቅስቱ ከፈረሰ በኋላ፣ መንገደኛው ለብዙ አሥርት ዓመታት ክፍተቱን የተሻገረው ከወዲያና ከወዲህ በሚይዙት ሰዎች በገመድ እየተሳበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ እስኪሠራ ድረስ ሰው ነፍሱን ለገመድ አደራ ሰጥቶ ኖሯል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት የገመድ ሥራ በአንድ ቃል የተነገረበት ነው፤ ብዙ ቀጭን ክር ተገምዶ ሸክሙን ይካፈላል። ጥያቄው እንግዲህ ገመድ ይችላል አይችልም ሳይሆን፣ ምን ዓይነት ገመድ፣ ስንት ሜትር፣ የት ቦታ ነው።

ችካልና መልህቅ

ለደጋው ሰው የመልህቅን ነገር ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፈረስ በችካል ያሰረ ሁሉ ያውቀዋል። ገመዱ ረጅም ሆኖ መሬት ለመሬት ሲጎተት ችካሉ ጸንቶ ይቆማል፤ ገመዱ አጥሮ ፈረሱ አንገቱን ባነሳ ቁጥር ወደ ላይ ከሳበው ግን ችካሉ ተነቅሎ ይወጣል። መልህቅም እንዲሁ ነው። አግድም ሲሳብ ይበልጥ ይቆፍራል፤ ወደ ላይ ሲሳብ ይነቀላል። እንዲያውም የጀልባው ባለቤት መልህቁን ለማውጣት የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ጀልባውን ከመልህቁ በላይ አምጥቶ ቀጥ አድርጎ ይስበዋል።

ስለዚህ የማሰሪያው ዋና ሥራ ጀልባን መያዝ ብቻ ሳይሆን፣ የመልህቁን ክንድ መሬት ላይ እንደተኛ ማቆየት ነው። ሰንሰለት ይህን በክብደቱ ያደርገዋል፤ ሐይቁ ወለል ላይ ይተኛል፣ ነፋስ ሲመጣ ቀስ በቀስ እየተነሳ ድንጋጤውን ያበርደዋል። ገመድ ክብደት ስለሌለው ያንኑ ሥራ በርዝመት መሥራት አለበት። ጥሩ ገመድ በምትኩ ሌላ ጸጋ አለው፤ ይለጠጣል። ትክክለኛ ናይለን በከባድ ጭነት ጊዜ ርዝመቱን እስከ አንድ አምስተኛ ሊጨምር ይችላል። ማዕበል ጀልባዋን ሲመታት ምቱ መልህቁንና የጀልባዋን ማሰሪያ ብረት ከመንቀሉ በፊት በመለጠጡ ውስጥ ይቀልጣል። ሰንሰለት ግን አንዴ ተወጥሮ ቀጥ ካለ በኋላ የሚሰጠው ነገር የለም።

ሒሳቡ ሲሠራ

በጀልባ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ መለኪያ አለ። የውኃው ጥልቀትና ከውኃው በላይ ያለው የጀልባዋ አፍንጫ ቁመት ይደመራሉ። ሁሉም ሰንሰለት ከሆነ የድምሩ 4 ወይም 5 እጥፍ፣ ገመድ ከሆነ 7 እጥፍ ይለቀቃል። ነፋስ ሲበረታ ከዚህም ይጨመራል፤ ምክንያቱም የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ግፊቱ በአራት እጥፍ ያድጋልና።

ይህን ወደ ጣና ማምጣት ይቻላል። ጣና በስፋት ከአገሪቱ ሐይቆች የሚበልጠው የለም፤ ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው። ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ለሽርሽር ጀልባ ማቆሚያ የሚሆነው የዳርቻው ውኃ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። 3 ሜትር ጥልቀትና 1 ሜትር የአፍንጫ ቁመት ቢደመሩ 4 ሜትር ይሆናሉ። በገመድ 28 ሜትር፣ በሰንሰለት ደግሞ በ4 እጥፍ ቢሰላ 16 ሜትር ያስፈልጋል። ባለ 8 ሚሊ ሰንሰለት አንዱ ሜትር 1.4 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን 16 ሜትሩ 22 ኪሎ ይሆናል። ይህን አንድ ጎልማሳ ይስበዋል። ውኃው 8 ሜትር ሲሆን ግን ሰንሰለቱ 36 ሜትር፣ ክብደቱም 50 ኪሎ ይደርሳል። አንድ ኩንታል እህል ግማሹን ከሐይቅ ወለል በእጅ መጎተት ማለት ነው። ይህን ሁሉ ብረት በትንሽ ጀልባ አፍንጫ ላይ መጫን ደግሞ ጀልባዋን በፊቷ ያዘነብላታል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። የጣና ውኃ ዓመቱን ሙሉ አንድ ልክ አይደለም። በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ዝቅ ይላል፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል። ልዩነቱም 1 ሜትር ተኩል ያህል ሊሆን ይችላል። በበጋ በ3 ሜትር ውኃ ላይ 28 ሜትር ገመድ ለቅቆ የታሰረ ጀልባ 7 እጥፍ አለው። ውኃው በ1 ሜትር ተኩል ሲነሳ ድምሩ 5 ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ያው 28 ሜትር አሁን 5 እጥፍ ብቻ ነው። ማንም ሳይነካው ገመዱ አጠረ ማለት ነው። በግንቦት የተለካ ማሰሪያ በመስከረም እንደገና መለካት ይኖርበታል።

ጥልቀት ሲጨምር ነገሩ እንዴት እንደሚከብድ ለማየት ወደ እንጅባራ መለስ ማለት ነው። የዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ሲሆን ጥልቀቱ ከ150 ሜትር እንደሚበልጥ ይታወቃል። በዚህ ሐይቅ መካከል በገመድ መልህቅ ልጣል የሚል ሰው በ7 እጥፍ ሲያሰላ ከ1,000 ሜትር በላይ ገመድ ይፈልጋል፤ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ግን 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እንዲህ ባለው ውኃ ጀልባ የሚታሰረው በዳርቻ ነው እንጂ በመልህቅ አይደለም። ጣና በዚህ በኩል ለባለ ጀልባው ቸር ሐይቅ ነው።

“ናይለን” የተባለው ሁሉ ናይለን አይደለም

ዋናው የገበያ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። በየመደብሩ ናይለን ገመድ እየተባለ የሚሸጠው አንጸባራቂ ገመድ ብዙውን ጊዜ ናይለን ሳይሆን ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ሌላ ፕላስቲክ ነው። ለእህል ጭነትና ለልብስ መስቀያ ቢሆን የሚነቀፍ አይደለም። ለመልህቅ ግን ሦስት ጉድለት አለበት። እንደ ናይለን አይለጠጥም። ፀሐይ ሲበዛበት ይደርቅና እንደ ገለባ ይሰባበራል፤ በደጋው ፀሐይ ደግሞ ይህ ፈጥኖ ይመጣል። ከሁሉ የከፋው ውኃ ላይ መንሳፈፉ ነው። የሚንሳፈፍ ገመድ የመልህቁን ክንድ ወደ ላይ ያነሳል፣ በአጠገቡ በሚያልፍ ጀልባ የሞተር ውልብልቢትም ይጠመጠማል።

መፍትሔው ላቦራቶሪ አይጠይቅም። አንድ ባልዲ ውኃና ከጥቅሉ ጫፍ የተቆረጠ ቁራጭ ገመድ ይበቃል። ከሰጠመ ናይለን ሊሆን ይችላል፤ ከተንሳፈፈ በእርግጥ ናይለን አይደለም። ገዢው ይህን ፈተና ከሂሳብ በፊት ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ ሐቀኛ ነጋዴም አይቀየምም።

የቃጫ ገመድስ? በጎጃም ገበያ ሁሉ የሚገኝ፣ በአገር እጅ የተገመደ፣ ከብትና ጭነት ለማሰር የሚመሰገን ነው። ውኃ ውስጥ ሲከርም ግን ከውስጡ ይበሰብሳል፤ ላዩ ደህና መስሎ በተጨነቀ ሰዓት ይበጠሳል። ለአንድ ቀን ዳርቻ ላይ ለማሰር ያገልግል እንጂ መልህቅ አይሰጠው። የነገደ ወይጦ የደንገል ታንኳ ይህ ሁሉ ጣጣ የለባትም፤ ከውኃ ወጥታ ዳር ላይ ተስባ ትደርቃለች። የሞተር ጀልባ ግን ቀን በቀን ተጎትታ አትወጣም።

የሰንሰለትም ጉድ አለው

ሰንሰለት ብረት ስለሆነ ብቻ የሚታመን አይደለም። አንዱ ቀለበት በደንብ ካልተበየደ የቀሩት መቶዎቹ ጥንካሬ ምንም አይረዳም፤ ጉድለቱም በዓይን አይታይም። ገመድ ሲያልቅ ክሩ እየተነሳ አስቀድሞ ይናገራል። ሰንሰለት ዝም ብሎ ይሄዳል። የጣና ውኃ ጨው አልባ መሆኑ ከባሕር ይልቅ ለብረት ይራራለታል፤ ቢሆንም ዚንክ ያልለበሰ ጥቁር ሰንሰለት ውኃና አየር በሚገናኙበት ቦታ ይዝጋል። ስለሆነም ሲገዛ ዚንክ የለበሰ መሆኑን፣ ቀለበቶቹ እኩል መሆናቸውንና የብየዳው ቦታ ያልተሰነጠቀ መሆኑን አንድ በአንድ እየዳሰሱ ማየት ይገባል።

ዋጋውም ሌላ ፈተና ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ከውጭ የሚገባ ብረት ይህን ጭማሪ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። እንግዲህ ሙሉ ሰንሰለት ግዙ ብሎ ትንሽ ባለ ጀልባን መምከር ቀላል ቢሆንም የሚጠቅም ምክር አይሆንም።

ሁለቱንም በልክ

ታዲያ ምን ይሻላል? ለጣና ዓይነት ውኃ የሚስማማው ሁለቱን አጋብቶ መጠቀም ነው። ከመልህቁ ቀጥሎ የጀልባዋን ርዝመት ያህል ሰንሰለት፣ ከዚያ በላይ ትክክለኛ ናይለን። ለ10 ሜትር ጀልባ 10 ሜትር ባለ 8 ሚሊ ሰንሰለት 14 ኪሎ ይመዝናል። 30 ሜትር ባለ 12 ሚሊ ናይለን ደግሞ 3 ኪሎ አይሞላም። ሁሉም ተደምሮ 17 ኪሎ ገደማ ነው። ያው 40 ሜትር ሙሉ በሙሉ ሰንሰለት ቢሆን 56 ኪሎ ይሆን ነበር።

ጥቅሙ በክብደት ብቻ አይቆጠርም። የጣና ዳርቻ በብዙ ቦታ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩን የሚነካው ታችኛው ክፍል ብረት ሲሆን ገመዱ ከመበላት ይድናል። ሰንሰለቱ የመልህቁን ክንድ ያስተኛል፣ ናይለኑ ምቱን ይውጣል። 40 ሜትሩ በበጋው 4 ሜትር ድምር 10 እጥፍ፣ በመስከረሙ 5 ሜትር ተኩል ድምር ደግሞ ከ7 እጥፍ በላይ ስለሚሆን ለሁለቱም ወቅት ይበቃል።

መገጣጠሚያው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገመድን በሰንሰለት ቀለበት ላይ ዝም ብሎ መቋጠር ገንዘብ መጣል ነው፤ ቋጠሮ የገመድን አቅም እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። የገመዱ ጫፍ ተፈትቶ እርስ በርሱ ተገምዶ ዓይን ሊወጣለት፣ በዓይኑም ውስጥ የብረት ቀለበት ሊገባ፣ ከዚያም ነጋዴው ሻክል በሚለው ማያያዣ ከሰንሰለቱ ጋር ሊታሰር ይገባል። የሻክሉ ብሎን እንዳይፈታ በሽቦ ይጠበቃል። መግመድን የሚያውቅ እጅ በጎጃም አይታጣም።

እዚህ ላይ የሰንሰለት ወገኖች አንድ ተገቢ ክርክር ይቀራቸዋል። ረጅም ገመድ የለቀቀ ጀልባ ነፋስ ሲዞር በሰፊው ይዞራል። ጀልባዎች በተጨናነቁበት ማቆሚያ ይህ ከጎረቤት ጋር መላተም ያመጣል። እውነት ነው። ነገር ግን በተጨናነቀ ቦታ መልሱ ገመድ ማሳጠር አይደለም፤ ያጠረ ገመድ ጀልባዋን ይዞ አያድርም። መልሱ ቋሚ ማሰሪያ ማዘጋጀት ነው።

ለወራት ለምትቆም ጀልባ

ሥራ አጥታ ለወራት የምትቆም ጀልባ በተጣለ መልህቅ ብቻ መተው የለባትም። ለእንዲህ ያለው ከባድ የኮንክሪት ብሎክ ሐይቁ ወለል ላይ አስቀምጦ፣ ከብሎኩ ወፍራም ሰንሰለት አውጥቶ፣ በተንሳፋፊ በርሜል ላይ ማሰር ይበጃል። ለዚህ ቦታ ሰንሰለት ያለ ተወዳዳሪ ይመረጣል፤ በየቀኑ የሚስበው ሰው የለምና ክብደቱ ሸክም አይሆንም። ከበርሜሉ እስከ ጀልባዋ ያለው ግን ናይለን ይሁን። ኮንክሪት ውኃ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ እንደሚቀልለት መዘንጋት አይገባም፤ መሬት ላይ 500 ኪሎ የሆነ ብሎክ በሐይቅ ውስጥ 300 ኪሎ ቢሆን ነው።

በጣና ላይ ሌላም ጠላት አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ የተመዘገበው እምቦጭ ተያይዞ እንደ ምንጣፍ ሲንሳፈፍ በታሰረ ጀልባና በማሰሪያው ላይ ይከመራል፤ ነፋስ ከኋላው ሲገፋው ለመልህቁ ሁለተኛ ጀልባ የመሸከም ያህል ነው። ማሰሪያን አልፎ አልፎ መፈተሽና ማጽዳት ለጥበቃ ሠራተኛ የሚሰጥ መደበኛ ሥራ መሆን ይኖርበታል።

ማን ምን ያድርግ?

ከነጋዴው የሚጠበቀው ገመዱን በእውነተኛ ስሙ መሸጥ ነው። ጥቅሉ ላይ ምን እንደሆነና ስንት ኪሎ እንደሚችል ከተጻፈ ወረቀቱን አለመቅደድ፣ ካልተጻፈ አለመዋሸት። ገመድ በመልኩ የሚገዛበት ገበያ ጥሩውን ነጋዴ ይጎዳል፤ ውዱን ናይለን ያመጣው ሰው ርካሹን ናይለን ብሎ ከሚሸጠው ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም።

የጀልባ ማኅበራት በየግል አምስትና ስድስት ሜትር ከመቁረጥ ሙሉ ጥቅል ናይለንና አንድ ላይ የተመዘነ ሰንሰለት በጋራ ቢገዙ፣ በዋጋም በጥራትም ለመከራከር አቅም ያገኛሉ። የአገር ውስጥ የውኃ መጓጓዣን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣንና የክልሉ ቢሮዎችም የመልህቅ ማሰሪያን ዓይነትና ርዝመት ከሞተሩና ከተንሳፋፊ ሰደርያው እኩል ቢመለከቱት ተገቢ ነው። ሞተር መሐል ሐይቅ ላይ ሲጠፋ ጀልባዋን ከድንጋይ ዳር የሚያስቀራት ሌላ ነገር የለም፤ በዚያች ሰዓት ተሳፋሪው የሚተማመነው በሰደርያውና በዚያ ገመድ ነው።

አቅም የለኝም የሚል ባለ ጀልባ ይኖራል። ሐቅ ነው፤ ጊዜው ከባድ ነው። ሆኖም 10 ሜትር ሰንሰለትና 30 ሜትር ደህና ናይለን ከሞተር ዋጋ ጋር ሲተያዩ ኢምንት ናቸው፤ ጀልባዋ ራሷ ብትሰበር ደግሞ ንጽጽሩም አያስፈልግም። አቅሙ ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእውነተኛው ናይለንና ለርዝመቱ ይሁን፤ ሰንሰለቱ 3 ሜትርም ቢሆን ከምንም ይሻላል፣ ቀሪው ሥራ ሲመለስ ይጨመራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ጎብኚው ሲመለስ ለመሮጥ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር፣ ጀልባዎቹ በቆሙበት በዚህ ወራት ባልዲና ሜትር ይዞ ማሰሪያውን ቢፈትሽ ይሻለዋል።